ክቡር ትንሽቀረው እና የጋቢናው ወንበር

መኪናው የማያልቅለት ሰው የሌለበት ሰፈር እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ መንገድ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሱቅ ይከፈታል፤ ከዚያ አንድ ሰው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ ይገባል። መንገዱ ይፈራርሳል፣ ሱቁ ባለቤት ይለውጣል፤ ሰውዬው ግን ከመኪናው ሥር አይወጣም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ፊቱን ሌላ ቦታ ብታገኙት ላትለዩት ትችላላችሁ፤ ለዓመታት ሰላም ስትሉ የኖራችሁት ጫማውን ነውና።

የኛን ሰፈር ሰው ትንሽቀረው እንለዋለን። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ አሁን ግን ከእሷ በቀር በዚያ ስም የሚጠራው የለም። መኪናው የት ደረሰ ብሎ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ትንሽ ነው የቀረው።» ሞተሩ ወርዶ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት በተቀመጠበት ወር ትንሽ ነው የቀረው። አራቱም ጎማ በሌለበት ሰሞን ትንሽ ነው የቀረው። ማዕረጉን የጨመረችለት ሚስቱ ናት። ሰው መጥቶ በር ሲያንኳኳ፣ «ክቡር ትንሽቀረው ከሥር ናቸው፤ ሲወጡ ያነጋግሩዎታል» ትላለች። ከሥር ደግሞ «መጣሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እንግዳውም ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል።

ክቡርነታቸው የትዕግሥት ተረት አያልቅባቸውም። ፍጠን ላላቸው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ። ደጋግሞ ፍጠን ላላቸው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉት ግን ለሚስታቸው ብቻ ነው። እሷም «ያንተ እንቁላል በእግሩ መሄድ ከጀመረ ቆየ፤ አድጎ፣ አግብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቷል» ትላቸዋለች።

የሚያናድደው፣ ይኸው ሰው የሌላ ሰው ዕቃ ሲነካ መብረቅ መሆኑ ነው። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው። ጠዋት የጠራችው ሴትዮ ለምሳ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣለች። ሳይጨርስ ከሰው ቤት አይወጣም፤ ሻይ ሲያቀርቡለት እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው። የራሱ ቤት ፍሪጅ ግን በሩ በገመድ ታስሮ ነው የሚዘጋው፤ ምን እንደቀረው ደግሞ ታውቃላችሁ።

ሚስቱ አውቶቡስ ተራ ቲኬት ትቆርጣለች። ከጠዋት እስከ ማታ በአንዲት ጠባብ መስኮት ሰው ስትሸኝ ትውላለች። ለሠርግ የሚሄደውን፣ ለቀብር የሚሄደውን፣ ከቤቱ ተጣልቶ እንዲያው ለመሄድ ብቻ የሚሄደውን ሁሉ ታስተናግዳለች። የማታውቀው ከተማ የለም፤ መነሻ ሰዓቱንም፣ ስንት ሰው እንደሚይዝም፣ ጋቢናው ለማን እንደሚሰጥም ታውቃለች። እሷ ራሷ ግን የትም ሄዳ አታውቅም። አንዳንድ ቀን የመጨረሻው አውቶቡስ ከግቢው ሲወጣ ብድግ ብላ በመስኮቷ አንገቷን ታወጣና መታጠፊያው እስኪሰውረው ትከተለዋለች።

ከትንሽቀረው ጋር የተዋወቁትም በዚያችው መስኮት ነው። አንድ ቀን መጥቶ ወደ ጎረቤት ከተማ ቲኬት ቆረጠ፤ የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሊጠግን ነበር። በማግስቱ መጥቶ ቆረጠ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። አውቶቡሱ ወጥቶ እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስታየው በመስኮቱ ጠራችውና፣ «አውቶቡሱ ነው አንተን ጥሎህ የሚሄደው ወይስ አንተ ነህ የምትጥለው?» አለችው። ጆሮው ቀላ። በሚቀጥለው እሑድ ባለ ሁለት በሯን ትንሽ ነጭ መኪና ይዞ መጣና በሩን ከፍቶ «ጋቢና ግቢ» አላት።

ያን ዓመት እሑድ እሑድ ወደ ኮረብታው ይወጡ ነበር። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ትንሽቀረው በየመታጠፊያው ማርሹን ሲቀይር መኪናዋ በደስታ የምትጮህ ይመስል ነበር። ሚስቱ ረጅም ናት፤ ከሱ በአንድ ራስ ትበልጣለች፤ ጋቢና ስትቀመጥ ጸጉሯ ጣራውን ይነካ ነበር። መስኮቱን ከፍታ፣ ብርቱካን እየላጠች ለሱ አንድ ለራሷ አንድ ትላለች። ስለ ምን ያወሩ እንደነበር አታስታውስም። የምታስታውሰው ነፋሱንና የሱን ፊት በጎን ነው፤ ከመንገዱ ላይ ዐይኑን ሰረቅ አድርጎ ሲያያት የሚመጣውን ፈገግታ። ያቺ ጋቢና ከዚያ ወዲህ በተከራዩት ቤት ካለው ወንበር ሁሉ ትበልጥባታለች።

ከዚያ ተጋቡ። በተጋቡ በወሩ ትንሽቀረው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «እስቲ ትንሽ ላሻሽላት» አለ።

ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዱሮ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ አለ፤ አሁን የእሽቅድምድም ሜዳ ሆኗል፤ አንዳንድ እሑድ ለማንም ሰው ይከፈታል። «ጠዋት ከቤቴ ነድቼ እሄዳለሁ፤ ሜዳው ላይ እንደ ልቤ እነዳለሁ፤ ማታ ዳቦ ገዝቼ ነድቼ እመለሳለሁ» ይላል። ለመንገድም ለሜዳም የምትሆን አንዲት መኪና፤ ይኸው ነው። ለዚህ ሲል ሞላው ተቀየረ። ሞላው ሲቀየር ፍሬኑ አነሰ፤ ፍሬኑ ሲቀየር ቸርኬው ጠበበ፤ ቸርኬው ሲሰፋ ጎማው ከመኪናዋ አካል ጋር ተጣላ። ሚስቱ በአውቶቡስ ወደ ሥራ እየሄደች በአውቶቡስ መመለስ ለመደች። ጎረቤቶቹም «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እያሉ ያሙት ጀመር፤ እሷ ፊት ግን አይደለም። እሷ ፊት እሱን ማማት የሚፈቀደው ለእሷ ብቻ ነው።

እንደምንም ብላ መኪናዋ ቆማ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን ወደ ሜዳው ለማየት ብቻ ሄዶ ነበር። እዚያ አንዲት መኪና ዐይኑ እያየ ሦስቴ ተገለባበጠች። ሰው ሁሉ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ሲሮጥ ሹፌሩ በመስኮቱ ሾልኮ ወጣና መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ። ያተረፈው በመኪናዋ ውስጥ የተበየደው የብረት ቧንቧ አጥር ነው፤ ጣራው ሰው ላይ እንዳይደፈጠጥ የሚያደርግ፤ ሮል ኬጅ ይሉታል። ትንሽቀረው ያን ቀን ከአዘጋጆቹ ጋር ሲያወራ ቆይቶ ቤቱ ሲገባ እራቱንም በቅጡ አልበላም። «ኬጅ ብቻ ነው የቀረው» አለ። ሚስቱ ደስ አላት። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኬጅ ለመግጠም የመኪናዋ ውስጥ መራቆት አለበት። ምንጣፉ ተነሣ፤ የጣራው ጨርቅ ተገፈፈ፤ የኋላው ወንበር ወጥቶ ሳሎን ገባ። መጣል አይሆንም፤ ስለዚህ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው የእንግዳ መቀመጫ አደረጉት። ቀበቶው እንኳ አልተነቀለም። የሚስቱ እናት ሊጠይቋቸው የመጡ ዕለት እሱ ላይ ተቀመጡ፤ ቀበቶውን አዩ፤ ሳቡና ቀጭ አድርገው አሰሩት። ከዚያ ጭናቸው ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣ «በሉ እንግዲህ፣ መቼ ነው የምንነሣው?» አሉ። ትንሽቀረው ከጓሮ ሆኖ መለሰላቸው፤ መልሱን መጻፍ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ኬጁን ራሱ ሊሠራው አሰበ። የፍሪጅ ቧንቧ ሲያጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ ቀጭን መዳብ በአውራ ጣቱ እየደገፈ እንደ ክር ያዞራል። ይኼስ ቧንቧ አይደል? አለ። አንዱን ጫፍ ዛፍና ግንብ መካከል አስገብቶ ሙሉ ቀን ሲገፋ ዋለ። ቧንቧው ታጠፈ፤ ግን ከመታጠፊያው ላይ እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ሟሸሸ። ትንሽቀረው ዞሮ ዞሮ አየውና ግቢ ውስጥ ተከለው። አሁን የልብስ ማስጫ ገመዱ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው።

ከዚያ በያጁ መጣ። በያጁ ዝም አይነቅዝም በሚለው ተረት የሚኖር ሰው ነው፤ አንድ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚያወጣ ይመስለዋል። ሥራውን ግን ይችላል። ቧንቧዎቹን በማጠፊያ ማሽን አጥፎ አመጣቸው፤ ከፊት ወንበሮች ጀርባ የሚቆመውን ትልቁን ቅስት፣ ከመስተዋቱ ግራና ቀኝ ወደ ወለሉ የሚወርዱትን እግሮች፣ በበሮቹ በኩል የሚያልፉትን አግዳሚዎች። ሁሉንም ቦታ ቦታቸው ላይ ጠብ ጠብ አድርጎ በብየዳ ነካካቸው። ያን ቅዳሜ የምክር ቤቱ ጉባኤ ሙሉ ነበር።

ምክር ቤቱ የትንሽቀረው ሦስት ጓደኞች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መኪናዋን ከበው ይቆማሉ፤ ምንም አይነኩም። አፈ ጉባኤው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እሱ ከተናገረ ሌሎቹ ራስ ይነቀንቃሉ። ሚስቲቱ ወጥ ቤት ሆና በመስኮቱ ትሰማቸዋለች፤ ስኒ እያጠበች።

«አንድ ችግር አለ» አለ በያጁ። «ቧንቧው ከጣራው ጋር ተጣብቆ ነው መሄድ ያለበት። ከተጣበቀ ደግሞ በላይ በኩል መበየጃዬ አይገባም። ስለዚህ ከእግሮቹ ሥር ወለሉን እንቀድዳለን። ኬጁን በቀዳዳው ቁልቁል እናወርድና ላዩን ዙሪያውን እበይደዋለሁ። ከዚያ መልሰን አንሥተን ከእግሮቹ ሥር የብረት ሣጥን እንሠራለታለን።»

«ወለሉን?» አለ ትንሽቀረው።

«ወለሉን።»

ወለሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ትንሽቀረው ያን ወለል በጭልፋ በማይበልጥ መፋቂያ፣ ተንበርክኮ፣ ዝገቱን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ደጋግሞ ቀለም ቀብቶ አሳምሮታል። ሰው ወደ መኪናዋ ሊገባ ሲል ጫማ ያስወልቃል። መኪናዋን ሊያይ የመጣ ሁሉ ሞተሯን ሲጠይቀው እሱ ወለሉን ነው የሚያሳየው። እና አሁን ቅደደው ይሉታል።

«ምን አስቀደደው?» አለ አፈ ጉባኤው። «ኬጁን ከጣራው ዝቅ አድርገህ በይደው፤ እጅህም ይገባል። እሱ እንደሆነ አጭር ነው፤ ራሱ ብረቱ ጋ አይደርስም።»

«ጋቢና የሚቀመጠውስ?» አለ በያጁ።

«ጋቢና ማን ይቀመጣል? የሜዳ መኪና ነው። ወንበሩን አንሣውና ተገላገል። ክብደትም ይቀንስልሃል።»

ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስቲቱ ውሃውን ዘጋች። ስኒው እጇ ላይ እንዳለ ጆሮዋን ጣል አደረገች። የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ አይሆንም የሚል። ከአንድ ሰው ወለልና ከሚስቱ ወንበር አንዱን ምረጥ ሲባል ለመምረጥ ጊዜ ሊፈጅ አይገባም ብላ ታስባለች፤ እኛም እንስማማለን። ትንሽቀረው ጨርቅ አንሥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

«አስብበታለሁ» አለ።

ስኒውን አስቀመጠችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በመስኮቱ ብቅ ብላ ምክር ቤቱን በአንድ ተረብ ትበትነው ነበር። ያን ቀን ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሰው ስለ አንድ ወንበር ባሏን እንዴት ይለምናል? ብትለምነውስ ይሰጣታል፤ ተለምኖ የተሰጠ ጋቢና ደግሞ ከአውቶቡስ ወንበር አይሻልም። እሷ የፈለገችው ያንን እሑድ ነው። በሩን ከፍቶ ሳትጠይቀው ግቢ ያላትን ሰው።

ከዚያ ወራት አለፉ። ኬጁ በነካካ ብየዳ ተንጠልጥሎ፣ ወለሉ እንዳማረበት፣ ወንበሩ እንዳለ ቀረ። ትንሽቀረው ማታ ማታ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዴ የጋቢናውን ወንበር ፈትቶ ያወጣዋል፤ በማግስቱ መልሶ ያስገባዋል። እሷ ልብስ ስታሰጣ ታየዋለች። ወንበሩ በወጣ ቁጥር ልቧ ይወርዳል፤ በገባ ቁጥር ደግሞ ተስፋ ማድረጓ ያናድዳታል። ሊነግራት ቃል አጥቶ ነው ብላ ደመደመች። ሥራ ቦታ «ጋቢና አለ?» ብሎ የጠየቃትን መንገደኛ ሁሉ መቆጣት ጀመረች። አንዷ አሮጊት «ልጄ፣ እኔ እኮ ከኋላም እሄዳለሁ» ስትላት አፈረችና ጋቢናውን ሰጠቻት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከግቢው የግራይንደር ጩኸት ይሰማል። በሩን ከፍታ ስትገባ በያጁ ግንቡን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል። ከመኪናዋ ውስጥ የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል፤ ሁለት የምታውቃቸው ጫማዎች በበሩ ወጥተዋል።

«አንተ አይደለህም እንዴ የምትቆርጠው?» አለችው።

«ልቁረጥልህ ብለው እንቢ አለኝ። የኔን ወለል እኔው ልቅደደው አለ።»

«ወሰነ ማለት ነው?»

«የወሰነውማ ያን ቅዳሜ ነው፤ ሰዎቹ እንደሄዱ። ወንበሩ አይነሣም አለኝ። ወለሉን ሊሰናበተው ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀው።» ሻዩን ፉት አለና፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ቀጠለ። «እኔማ ስቄበት ነበር። እህቴ፣ ብቻውን ለመንዳት እኮ ኬጅ አያስፈልገውም። ሜዳው ላይ ብቻውን የሚነዳውን እንዲሁ ያስገቡታል። ኬጅ ግዴታ የሚሆነው ጋቢና ሰው ለሚጭን ነው። ያን ጊዜ ሄዶ ያች መኪና ስትገለበጥ ያየ ዕለት አዘጋጆቹን ጠይቆ ነው የመጣው። ነግሮሻል ብዬ ነው።»

አልነገራትም። እሷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ እንዳለ። እንግዲህ ይህ ሰው ከዚያ እሑድ ጀምሮ በፈለገ ቀን ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ ሜዳው ላይ እንደ ልቡ ነድቶ መመለስ ይችል ነበር ማለት ነው። ምክር ቤቱ ወንበሩን አንሣ ሲለውም ሦስት ወንድ ፊት «ለሚስቴ ነው» ማለት አፍሮ ነው ጨርቅ ይዞ ጣቱን ይጠርግ የነበረው። ሳቋ መጣ። ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ፤ በያጁ ወደ ሌላ ዞሮ ግንቡን ማየት ጀመረ። ወደደችው። ከዚያ በፊትም ትወደው ነበር፤ አሁን ግን ይህንን ሁሉ ዓመት ያሾፈችበትን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ እየቆጠረች ወደደችው።

ግራይንደሩ ዝም አለ። ትንሽቀረው ወጣ፤ ፊቱ ሁሉ በብረት ብናኝ ጠቁሮ መነጽሩ የነበረበት ብቻ ክብ ክብ ሆኖ ነጥቷል። ሲያያት ደነገጠ። «መጣሽ እንዴ? ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ። እሷም «በርታ» ብላ ውሃ ልታሞቅለት ገባች። የሰማችውን አልነገረችውም።

ኬጁ ወረደ፣ ተበየደ፣ ተነሣ፤ ከእግሮቹ ሥር ሣጥን ተሠራለት። በያጁ መዶሻ ይዞ ቧንቧውን ዙሪያውን ቀጨቀጨው፤ ድምፁን እየሰማ ራሱን ነቀነቀ። ወለሉ ተዘጋ፤ ትንሽቀረውም ቀለም ቀባው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ሜዳው ክፍት በሆነበት እሑድ ሰፈሩ በሙሉ በሩ ላይ ወጣ። መኪናዋ ግቢው መካከል በገዛ ጎማዋ ቆማለች። ትንሽቀረው ዞሮ ሄደና የጋቢናውን በር ከፈተው።

«ግቢ» አላት። ከዚያ አግዳሚውን አየና ጨመረ፤ «ማለቴ፣ ዝለይው።»

በበሩ በኩል የሚያልፈው ብረት ከጉልበት በላይ ነው። አንድ እግሯን አስገባች፤ ሁለተኛው ውጭ ቀረ። ጎንበስ ስትል ራሷ ከላይ ያለውን ቧንቧ መታ። ረጅም ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር አልተፈጠረም። አፈ ጉባኤው ምክር ሊሰጥ አፉን ሲከፍት እናቷ ከኋላው «ዝም በል አንተ፣ ልጄ ትገባለች» አሉት። ገባች። ትንሽቀረው የራስ ቁሯን ሰጣት፤ አዲስ ነው፤ ልኳ ነው። ከዚያ ቀበቶዎቹን በትከሻዋና በወገቧ አሳልፎ አሰራቸው፤ እስክትተነፍስ እየጠበቀ ጠበቅ አደረጋቸው። ከራስ ቁሯ እስከ ብረቱ ድረስ እጁን አስገብቶ ለካ። ሁለት ጊዜ ለካ።

ለሰው መናገር አፍራ እንጂ ሐሳቧ ኮረብታው ነበር። ነፋስ፣ ብርቱካን፣ የሱን ፊት በጎን ማየት። መኪናዋ ከግቢው እንደ ወጣች ያ ሁሉ እንደማይሆን አወቀች። ቀበቶው አንገቷን አያስዞራትም። የራስ ቁሩ ወደ ጎን አያሳይም። ምንጣፍና የጣራ ጨርቅ የሌለው መኪና ውስጥ ሞተሩ የሚያገሳው ጆሮ ላይ ነው፤ ብትጮህም እሱ አይሰማትም። ከባሏ የሚታያት ማርሹ ላይ ያለው ቀኝ እጁ ብቻ ነው። ያን እጅ እያየች ሄደች። በየመታጠፊያው ማርሹን ቀይሮ እጁ ለአፍታ እዚያው ሲያርፍ ናፍቆት ያዛት፤ አጠገቧ ያለውን ሰው ናፈቀችው። እንደዚህ ዓይነት ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

ሜዳው በር ላይ ተቆጣጣሪው ኬጁን አየ፣ ነካ፣ ቀበቶዋን ሳብ አደረገና እለፉ አላቸው። ምክር ቤቱ በአፈ ጉባኤው መኪና ቀድሞ ደርሶ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል።

የመጀመሪያው ዙር የሚረሳ አይደለም። ትንሽቀረው ለዓመታት ያዘጋጃትን መኪና ይዞ ወደ ሜዳው ገባና እንደ ቀብር መኪና ነዳት። መታጠፊያ ሲመጣ አስቀድሞ ይቆማል ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ አለፋቸው፤ ቀዩ አለፋቸው፣ ሰማያዊው አለፋቸው፣ ማርሚታው መሬት የሚጎትት አንድ አሮጌ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ አለፋቸው። አጥሩ ላይ አፈ ጉባኤው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሚስቲቱ ቀኝ እጁን ታያለች፤ ማርሹን ከመጨበጡ የተነሣ የጣቶቹ መጋጠሚያ ነጥቷል። እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ነው የሚነዳት። ይህ ሁሉ ብረት ለእሷ ተበይዶ እንኳ አላመነውም።

ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው፤ በጣቷ መውጫውን አሳየችው። ወደ ጎን ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ጆሮ ውስጥ ይጮሃል። የራስ ቁሩን ለማውለቅ ሲታገል ቆየና ላብ ያጠመቀው ፊቱ ብቅ አለ።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ደኅና ነኝ። አውርደኝ።»

ፊቱ ወደቀ። «አልወደድሽውም።»

«ወድጄዋለሁ። ማታ ዳቦ ገዝተን አብረን እንመለሳለን፤ እዚሁ ነው የምቀመጠው፤ ማንም አይነካውም። አሁን ግን ብቻህን ንዳ።»

«ብቻዬንማ...» አለና ቆመ።

«ብቻህንማ ዱሮም ትችል ነበር» አለችው። «አውቃለሁ። በያጁ ነግሮኛል።»

ትንሽቀረው መሪውን አየ። ጆሮው ቀላ። «ሰውዬው እኮ አይናገርም» አለ።

«ለኔ ተናገረ። እስቲ ፍታኝ።»

ቀበቶውን ፈታላት። አግዳሚውን በዚህኛው ጊዜ ቀለል አድርጋ ዘለለችው። በሩን ከዘጋችለት በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ፊቱን በጎን አየችው፤ ጠግባ አየችው። ከዚያ ጣራውን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ አድርጋ ወደ አጥሩ ሄደች።

መኪናዋ ከመውጫው ስትነሣ አፈ ጉባኤው ከአጥሩ ላይ ሊወድቅ ነበር። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዴት እንደገባበት እሷ አልገባትም፤ የጎማው ጩኸት ደረሳት፤ ነጩ ነገር ከወዲያ ማዶ ታየ፣ ጠፋ። ቀዩን አለፈው። ምክር ቤቱ ይጮሃል። እሷ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። በመስኮቷ ስንቱን ሰው ሸኝታለች፤ ሲሄድ እንጂ ሲመለስ ያየችው የለም። አሁን ከዛፎቹ ኋላ በተሰወረ ቁጥር ሩቅ አገር የሄደ ያህል ይናፍቃታል፤ ብቅ ባለ ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ ይመጣላታል።

አፈ ጉባኤው ወደ እሷ ጠጋ አለ። አንድ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንት ዙር ነው የሚነዳው?» አላት።

«እስኪጠግብ» አለችው፤ ዐይኗን ከመታጠፊያው ሳትነቅል።